የቁልፍ ዘር ማንዘር

እውነተኛ ስሟ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው። ለኛ ለሰፈሩ ሰዎች ሞረዷ ናት። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሞረድ ከእጇ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ምላሷም ብረት ይበላል።

እኔ ከሷ ሱቅ አጠገብ ደብተርና እስክርቢቶ የምሸጥ ሰው ነኝ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ እሷ ስታስነጥስ እኔ ነኝ «ይማርሽ» የምለው። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፤ ገሚሱን በጆሮዬ፣ ገሚሱን በዓይኔ፣ የቀረውን ከራሷ አፍ ነው ያገኘሁት።

ሞረዷ ቁልፍ ቀራጭ ናት። ሱቋ የባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል ቀጥ ብለው ይቆሙባታል፣ በሌላው በኩል ጎንበስ ያላለ ግንባሩን ይገጫል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ምስማር ነው፣ ምስማሩ ሁሉ ላይ ገና ያልተቀረጸ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሰው ደረጃውን በሩጫ በወረደ ቁጥር ቁልፎቹ አብረው ይንሿሿሉ። ሥራውን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቀርጹ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ማሽኑን ለሷ ለቀቁላት። እሷም እናቷን ለማስታመም ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ነበረች። በሃያ ዓመቷ አገባች፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ፈታች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሌላ ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች። ይህ ነገር ሲጀመር ሞረዷ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከደረጃው በወዲያኛው በኩል ደግሞ ልብስ ሰፊው አሉ። ስልሳን አልፈዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «መነጽሬን ማን አነሳው?» እያሉ ሰፈሩን የሚያምሱ ሰው ናቸው። ሞረዷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፣ እሳቸው «ልጄ» ይሏታል፤ ሳይነካከሱ ግን አይውሉም።

የሞረዷ ሱቅ በር ላይ «ቁልፍ እንቀርጻለን» የሚል ጽሑፍ ነበር፣ አባቷ ያስጻፉት። አንድ ቀን ጠዋት መጥተን ስናይ፣ ልብስ ሰፊው በራቸው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ቁልፍ እንተክላለን» አስጽፈዋል። «ቁልፍ» የሚለው በሩን ሞልቶታል፤ «እንተክላለን» የሚለው ቦታ ስላነሰው ከታች ተጨናንቆ ተጽፏል።

የዚያን ዕለት መዓት ወረደ። የቤት ቁልፉ የተሰበረበት ሰውዬ ልብስ ሰፊው ጋ ገብቶ ወረፋ ጠበቀ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ካፖርት ታቅፋ ሞረዷ ጋ መጣችና «እባክሽ ቁልፉ ወልቆብኝ ነው፣ ቸኩያለሁ» አለቻት። ሞረዷ ካፖርቱን አገላብጣ አየች።

«እመቤቴ፣ ይሄን ልሞርደው ወይስ ልበይደው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ተቀይማ ሄደች። ሞረዷ ሞረዱን በእጇ እንደያዘች ደረጃውን ዞራ ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ስሜን ቀሙኝ እኮ!»

«የምን ስም?»

«ቁልፍ የሚለውን ነዋ! ቁልፍ የሚባለው እኔ ጋ ነው። እርስዎ መርፌና ክር አለልዎት።»

«ልጄ፣ ሰው በር ከመሥራቱ በፊት ልብስ ለብሷል። ቁልፍ መጀመሪያ የልብስ ነው። በሩ ከኛ ተውሶት ነው።»

«ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ሞልቷል። ቁልፍ የሌለው በር ግን በር አይባልም፣ ቀዳዳ ነው!»

በዚህ ተያያዙ። መጨረሻ ላይ እኔ ገላጋይ ሆንኩና ተወራረዱ፤ ቃሉ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይጣራ፣ የተሸነፈው ጽሑፉን ያጥፋ። በውርርዱ ደስ አላቸው፣ ሁለቱም ወደየሥራቸው ተመለሱ። ማን እንደሚያጣራው ግን ማናችንም አላሰብንበትም ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ነገሩ ተረስቶ ከረመ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ በነጠላ ጫማ እያለከለኩ ከደረጃው ወረዱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተርጓሚ ናቸው። ቆሻሻ ሊያወጡ ብቅ ባሉበት ነፋስ በሩን ወርውሮ ዘጋባቸው።

«ወተት ጥጄ ነበር!» አሉ።

ሞረዷ መሣሪያዋን ይዛ ሮጠች። በሩ ሲከፈት ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶታል፣ ቤቱ ጢስ ጢስ ይላል። እሷ ግን ጢሱን አላየችም። ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ነው። ወንበሩ ላይ መጽሐፍ፣ መስኮቱ ላይ መጽሐፍ፣ አልጋው ሥር መጽሐፍ፣ አብዛኛው እንደ ጡብ የወፈረ መዝገበ ቃላት።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ?» አሏት አስተርጓሚው መስኮቱን ከፍተው ጢሱን እያራገቡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ አባባ። ቁልፍ የሚለው ቃል መጀመሪያ የበር ነው የልብስ?»

ኋላ ስትነግረኝ፣ ሽማግሌው ማራገባቸውን ትተው ቆመው ቀሩ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት» አሉ፣ «በፍርድ ቤት በስብሰባ የሰው ቃል ሳመላልስ ኖርኩ። አንድ ሰው እንኳን ‹ይሄ ቃል ከየት መጣ?› ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያም ወንበሩ ላይ ያለውን መጽሐፍ አንስተው አስቀመጧት።

ችግሩ ዓይናቸው ነበር። ሞራ ሸፍኖታል። የሰው መልክ ይለያሉ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ግን ጭጋግ ነው።

«አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ» አሉ።

«እኔ? አባባ፣ እኔ እኮ ሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።»

«ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ፊደል አይጠፋበትም። መዝገበ ቃላት ደግሞ አያስቸኩልም፤ የሚነበበው አንድ አንድ መስመር ነው።»

በማግስቱ እኔ ጋ መጥታ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ወሰደች። «ለማን ነው?» ብላት «ለራሴ ነው፣ ምን አገባህ!» አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን እንደምትጽፍ ጨንቋት፣ ቆይታ ቆይታ «ቁልፍ» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በሆነ ቁጥር ሱቋን ትዘጋና ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። መጀመሪያ ስታነብ ላብ ያጠምቃት ነበር። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ አንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየጀመረች። ሽማግሌው አያርሟትም፤ እንዳላነበበች ቆጥረው «እንደገና» ብቻ ይሏታል።

የመጀመሪያው ግኝት ከዓረብኛ መጣ። ዓረብኛውን በቃላቸው ያውቁታል።

«በዓረብኛ ቁፍል የሚባል ቃል አለ» አሏት።

«ቁፍል...» አለች። «ቁፍል፣ ቁልፍ... እንዴ! ተገልብጦ ነው እንጂ ራሱ ነው!»

«እሳት የምትጭሪበትን ምን ትይዋለሽ?»

«ክርቢት።»

«ትክክለኛውስ?»

ትንሽ አሰበች። «ክብሪት።»

«ይኸው። ምላስ ሲቸኩል ፊደል ያገላብጣል። ክብሪትም ቁፍልም በአንድ መንገድ ነው የሄዱት።»

«ታዲያ ማን ነው ከማን የወሰደው?»

«የኛው ከዓረብኛው ሳይመጣ አይቀርም ይላሉ የጻፉበት ሰዎች። ዓረብኛውም ከአራማይክ ወስዶት ይሆናል፣ አራማይኩም ‹ማያያዣ› ከሚል የላቲን ቃል ይሆናል የሚሉ አሉ። ይሆናል ነው እንግዲህ፤ ቃል የልደት ወረቀት የለውም።»

«ቁፍል ግን የቱ ነው? መክፈቻው ነው?»

«አይደለም። መዝጊያው ነው። ጓጉንቸሩ።»

ሞረዷ ደብተሯ ላይ «ቁፍል ማለት ጓጉንቸር ነው። ቁልፍ አይደለም!!» ብላ ጻፈች። ሰኞ ጠዋት ይህንን አምጥታ አሳየችኝ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት «ክርቢት አለ፣ ክርቢት» እያልኩ ስሸጥ እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሁሉ መከራውን አየ። ድንበር እያቋረጠ ትልቅ መኪና የሚነዳ አንድ ስዋሂሊ ተናጋሪ ሾፌር የጭነት ሳጥኑን ጓጉንቸር ቁልፍ ሊያስቀርጽ መጣ። ቋንቋችንን ትንሽ ትንሽ ይሞክራል። ሞረዷ ጓጉንቸሩን አፍንጫው ሥር ደቀነችና «ይሄን በናንተ ምን ትሉታላችሁ?» አለችው።

«ኩፉሊ» አላት።

እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ሌባ የገባ መስሎኝ መቀስ ይዤ ወጣሁ። «ኩፉሊ ነው የሚሉት! ኩፉሊ! ቁፍል እኮ ነው! ባሕር ተሻግሮ ሄዶ!» ትላለች። ሾፌሩ ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ወደ መኪናው ያያል።

አልለቀቀችውም። ቁልፉን ብታሳየው «ኡፉንጉዎ» አላት። መዝጋት «ኩፉንጋ»፣ መክፈት «ኩፉንጉዋ» ነው አላት። ይሄኔ ልብስ ሰፊው ጩኸቱን ሰምተው መጥተው ነበርና፣ ሸሚዛቸውን ይዘው «ይሄስ? ይሄስ?» አሉት።

ሾፌሩ ጥያቄው ሲገባው ሳቀ። «ኪፉንጎ።»

«ሰማሽ?» አሉ ልብስ ሰፊው። «ኪፉንጎ! ፉንጎ የሚለው እኔም ጋ አለ! በሰው አገር እንኳን የሸሚዙና የበሩ አንድ ዘር ነው!»

«አንድ ዘር መሆኑን ማን ካደ? ታላቁ ማን ነው ነው ያልነው» አለች ሞረዷ፣ ግን ደብተሯ ላይ በሐቅ ጻፈችላቸው። ያን ቀን ሁለቱ አብረው ቁጭ ብለው ምሳ በሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር እኔ እዚያ ሕንፃ ሥር ከገባሁ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ደብተሩ እየሞላ ሄደ። አስተርጓሚው የነገሯትን ሁሉ ሰኞ ሰኞ ለኛ ታወራለች። ፋርሶች መክፈቻውን ከሊድ ይሉታል፤ ከግሪኮች ያገኙት ነው። ያው ቃል ወደ ቱርክ ሲሻገር ኪሊት ሆነና መዝጊያ ሆኖ አረፈው። «መክፈቻ ሆኖ ወጥቶ መዝጊያ ሆኖ ገባ» ስንላት «እንደ ሙሽራ ነዋ!» አለች፤ «ከናቷ ቤት ስትወጣ ሌላ፣ ባሏ ቤት ስትገባ ሌላ።» እንግሊዞች ኪ የሚሉትን ደግሞ ከየት እንዳመጡት ራሳቸውም በቅጡ አያውቁም ተባለች። ይህ በጣም አሳዘናት። «ምስኪን፣ ዘመድ የለውም» አለች። ፈረንሳዮች የልብስ ቁልፍን ቡቶን እንደሚሉት፣ ቡቶን እምቡጥ ማለትም እንደሆነ ስትናገር፣ ልብስ ሰፊው ደረታቸውን ነፉ። «እምቡጥ! አበባ ነው የምተክለው ማለት ነው።»

«ብጉርንም ቡቶን ነው የሚሉት» አለች ሞረዷ።

እንዲህ እያለ አራት ወር ሄደ። ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች።

አስተርጓሚው «እስቲ ዛሬ በግዕዙ በኩል እንሂድ፣ መክፈቻው ጥንት ማን ይባል እንደነበር እንይ» አሏትና አንድ ያረጀ መዝገበ ቃላት አወረዱላት። ሞረዷ «ፈትሐ» ከሚለው ጀመረች። መፍታት፣ መክፈት፣ መፍረድ። ከሥሩ እየወረደች ሄዳ «መፍትሕ» ላይ ደረሰች፤ ፍቺው መክፈቻ፣ የበር ቁልፍ ይላል።

«እንደገና» አሉ ሽማግሌው።

እንደገና አነበበች። «መፍትሕ... አባባ፣ ይሄ መፍትሔ የምንለው አይደለም?»

«ነው። ዓረቦቹም እስከ ዛሬ ቁልፉን ሚፍታሕ ይሉታል። የኛው በሩን ትቶ ሄዶ የችግር መክፈቻ ሆነ። በሩ ላይ የቀረው ስም የጓጉንቸሩ ነው። አንቺ ስትቀርጪ የኖርሽው መፍትሔ ነበር፣ ስትጠሪው የኖርሽው ግን በመዝጊያው ስም ነው።»

 የሞረዷ ጣት ከገጹ አልተነሣም። ፈታ፣ ፍትሕ፣ ፍቺ እያለች በሹክሹክታ ወረደች። ፍቺ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ሽማግሌው ንባቡ ሲቋረጥባቸው፣ ስለ ትዳሯ ጥቂት ያውቁ ነበርና ደነገጡ።

«አስከፋሁሽ መሰለኝ፣ ልጄ።»

«ፈት የሚለውም ከዚሁ ነው?» አለች።

«ከዚሁ ነው።»

የፈታች ሰሞን አንዲት ጎረቤቷ ውሃ መቅጃው ጋ «ፈት» ብላ ስትሰድባት ባልዲዋን ጥላ ወደ ቤቷ እንደገባች፣ ለዓመት ያህልም በዚያ መንገድ እንዳላለፈች ለኔ የነገረችኝ ያን ሰሞን ነው። ፍርድ ቤት የቆመች ዕለት፣ ራሷ የቀረጸችውን የቤቱን ቁልፍ ለዳኛው ጸሐፊ እንዳስረከበችም ነገረችኝ። ሽማግሌው ፊት ግን አላለቀሰችም። መሳቅ ጀመረች። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ሳቀች።

«አይ አባባ! ለካ ያን ሁሉ ዘመን ሲሰድቡኝ የኖሩት በቁልፍ ነው!»

ውርርዱ ሰኞ ዕለት ተፈረደ። አስተርጓሚው በኔ ክንድ ተደግፈው ወርደው፣ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፍርዱን ሰጡ፤ እስከምናውቀው ድረስ ቃሉ መጀመሪያ መዝጊያው ነው፣ የመክፈቻውም የልብሱም አይደለም። ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል።

«ሁለታችንም?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ሁለታችሁም።»

ስለዚህ ሁለቱም ጽሑፋቸውን አጠፉ። ልብስ ሰፊው «አዝራር እንተክላለን» ብለው አስጻፉ፤ ወጣቱ ሁሉ አዝራር የዛፍ ዓይነት እየመሰለው ማለፍ ጀመረ። ሞረዷ ይባስ ብላ ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለገችው። «ጋሼ፣ ይሄም ዓረብኛ ነው፣ ያውም ብዙ ቁጥር ነው! አንዱ ዚር ነው የሚባለው። እርስዎ አንድ ተክለው ብዙ ተከልኩ እያሉ ነው!»

እሷ ደግሞ በአባቷ ጽሑፍ ፈንታ አንዲት ቃል ብቻ አስጻፈች። መፍትሔ።

አንድ ሳምንትም አልቆየ። መጀመሪያ የመጣው ወጣት የሒሳብ ጥያቄ ይዞ ነበር። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ከአማቱ ጋር ስላለው ነገር ግማሽ ሰዓት አወራት፤ እሷ እየሞረደች ሰማችው፣ አመስግኖ ሄደ። አንዲቷ የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀቻት። በአራተኛው ቀን የመጣችው ወጣት ሴት ግን በሩ ላይ ቆማ ጽሑፉን ደጋግማ አየች። ሕፃን አዝላለች።

«ባሌ ቤቱን ቆልፎብኝ ሄደ» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ቀኑ ነው። እህቴ ጋ ነኝ። የልጁ ልብስ እንኳን ውስጥ ነው። ጽሑፉን አይቼ ነው የመጣሁት፤ ምን ዓይነት መፍትሔ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።»

ሞረዷ ሞረዱን አስቀመጠች። የሰው ቤት ዝም ብሎ እንደማይከፈት ታውቃለች፤ አባቷ መጀመሪያ ያስተማሯት እሱን ነው። የኪራይ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ጠየቀቻት። በሷ ስም ነበር፤ ወረቀቱም እህቷ ጋ አለ። ሞረዷ አከራይዋን አስጠርታ፣ ልብስ ሰፊውንና እኔን ለምስክር ይዛ ሄደች። በሩን ከፈተች፣ የድሮውን ቁልፍ ነቅላ አዲስ ገጠመች፣ ሁለቱንም መክፈቻ ለሴትዮዋ ሰጠች። ስንመለስ መንገድ ላይ ቀለም ገዛች። ሱቋ እንደደረሰችም በራሷ እጅ «መፍትሔ» ከሚለው በታች «የበር ብቻ» የሚል ጨመረች። «ሁሉንማ አልችለውም» አለችኝ።

በዓመቱ መጨረሻ አስተርጓሚው አንድ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና አደረጉ። ፋሻው በተነሣ ሳምንት ሞረዷ ቅዳሜውን ከሱቋ አልወጣችም። ከሰዓት ሆኖም ገና ትሞርዳለች። ለምን እንዳልወጣች ስጠይቃት «አሁንማ ራሳቸው ያነባሉ፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለችኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ወረዱ። ደብተሯን፣ ቤታቸው የረሳችውን፣ ይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው አንብበውት፣ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክርቢቶ አርመውታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሏት በቁጣ። «ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ አትለይም! እንዲህ የሚመራመር ሰው እንዲህ አይጽፍም። ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ።»

«አባባ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ?»

«እኔ በሰባ አራት ዓመቴ ዓይን አውጥቼ የለም?»

ልብስ ሰፊው ከወዲያ ሆነው «ሞረድ ሲሞረድ ልናይ ነው!» አሉ። ሞረዷ መሐረብ ወረወረችባቸው።

የማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ተመዘገበች። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቋ እሷ ናት፤ ቀጥሎ ያለው የልጇ እኩያ ነው። ልጇ በስልክ «እማዬ፣ የቤት ሥራሽን ሠራሽ?» እያለች ትቀልድባታለች። የሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ ከአርባ ሦስት ተማሪ አሥራ አንደኛ ወጣች። ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፣ ደስ ያላት አትመስልም።

«ሒሳብ ነው የጎተተኝ» አለች። «በቋንቋ ግን አንደኛ ነኝ፣ እየው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጥቶ «ልጄ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆልፋ መውጣት አቃታት!» አላት። ወረቀቱን እዚያው እኔ ጋ ጥላ፣ መሣሪያዋን አንስታ ተከተለችው።